ቪጋን አመጋገብ፦ ስለ ምግባሩና ስለ ምግቡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የተወ ሰው ማዕድ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይከተለዋል። አንዱ «ለምን?» የሚለው ነው፤ ሌላው «ታዲያ በምን ትኖራለህ?»። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር፣ ሁለተኛው የሥነ ምግብ ጥያቄ ነው። ስማቸው ለጆሮ ይቀራረባል፤ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚነሳው አንዱን ጥያቄ በሌላው መልስ ለመዝጋት ከመሞከር ነው። እንስሳ መግደል ጥፋት ነው ብሎ ያመነው «ስለዚህ ሰውነቴ ምንም አይጎድለውም» ይላል፤ ጤና ይጎዳል ብሎ የሰጋው ደግሞ «ስለዚህ ማረዱ ትክክል ነው» ይላል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ውኃ አያነሱም። ከዚህ በታች ሁለቱን ለያይቼ ለመመለስ ሞክሬያለሁ፤ የራሴንም አቋም አልደበቅሁም።

ቪጋንና ቬጀቴሪያን አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ቬጀቴሪያን ሥጋና ዓሣ አይበላም፤ ወተትና እንቁላል ግን ሊበላ ይችላል። ቪጋን ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ ይተዋል፦ ቅቤውንም፣ አይቡንም፣ ማሩንም፣ ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውን ጀላቲንም። ብዙዎቹ ቆዳ፣ ሱፍና ሐርም አይለብሱም።

ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በብሪታንያ ነው። ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ባልደረቦቹ ወተትና እንቁላል የማይበሉትን ለመለየት «ቬጀቴሪያን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወገቡን ቆርጠው ጫፍና ጫፉን ገጠሙት። ሐሳቡ ግን ከቃሉ በጣም ያረጀ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዓይነ ስውሩ ሶርያዊ ባለቅኔ አል-መዓሪ ሥጋና ዓሣን ብቻ ሳይሆን እናት ለግልገሏ ያጠራቀመችውን ወተት፣ የወፎችን እንቁላልና ንቦች ለራሳቸው የለቀሙትን ማር ጭምር አትውሰዱ ብሎ ገጥሟል።

ክርክሩ የቆመው በምን ላይ ነው? ሃይማኖት ነው?

ሃይማኖታዊ ምክንያት ያላቸው አሉ፤ ክርክሩ ግን ያለ ሃይማኖትም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1789 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንተም ስለ እንስሳት መጠየቅ ያለብን ማሰብ ወይም መናገር ይችሉ እንደሆነ ሳይሆን መሠቃየት ይችሉ እንደሆነ ነው ሲል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ሁሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እንስሳት ሕመም የማይሰማቸው ማሽኖች ናቸው የሚለው የቀደመ አስተሳሰብ ዛሬ በነርቭ ሳይንስ ዘንድ ብዙም ደጋፊ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ካምብሪጅ ላይ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች አጥቢ እንስሳት፣ አእዋፍና እንደ ኦክቶፐስ ያሉ ፍጡራን ንቃተ ህሊና የሚያስገኘው የነርቭ መሠረት እንዳላቸው በጋራ መግለጫ አስታውቀዋል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚለው፣ ሥቃይ የሰው ሆነ የአሳማ ክብደቱ እኩል ይቆጠር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶም ሪገን ደግሞ እንስሳው የራሱ ሕይወት ባለቤት ስለሆነ ለሌላው መጠቀሚያ የማይደረግበት መብት አለው ይላል። ልዩነታቸው የመምህራን ጨዋታ ይመስላል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል።

በመስክ ላይ ተንደላቆ ኖሮ፣ ሳይሠቃይ በቅጽበት የታረደ እንስሳስ?

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሚዛንዎ ሥቃይ ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለውን እርድ ለመቃወም ምክንያትዎ ይሳሳል። ሚዛንዎ መብት ከሆነ ግን አሟሟቱ ቢያምርም የተወሰደው ሕይወት የሌላ ነበር። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ሆኖም ወደ መጀመሪያው ያዘነበለውን ሰው ጨካኝ ለማለት አልደፍርም።

አንድ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አኃዞች እንደሚያሳዩት በዓመት የሚታረዱት የየብስ እንስሳት ከ80 ቢሊዮን ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹ ዶሮዎች ናቸው። ለሥጋ የሚረባ ዘመናዊ ዶሮ ከተፈለፈለ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይታረዳል፤ የሚያድገውም በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ነው። በመስክ የተንደላቀቀውን እንስሳ ለክርክር የሚጠራው ሰው ብዙውን ጊዜ ሰሃኑ ላይ ያለው ያ እንስሳ አይደለም።

ወተትና እንቁላልስ? የሚሞት የለ!

አለ፤ ከዓይን ራቅ ብሎ ነው እንጂ። ላም የምትታለበው ስለወለደች ነው። ወተቷ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ ገደማ እንድትወልድ ትደረጋለች፤ በትልልቅ የወተት እርባታዎች ጥጃው ከእናቱ የሚለየው በተወለደ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ወንዱ ጥጃ ወተት ስለማይሰጥ ወደ ሥጋው ገበያ ይሄዳል። እናቲቱም ቢሆን ሃያ ዓመት ልትኖር የምትችል ፍጥረት ሆና ሳለ ምርቷ ሲቀንስ፣ ገና በአምስትና በስድስት ዓመቷ፣ ተከትላው ትሄዳለች።

የእንቁላሉ ነገር ደግሞ ይብሳል። ለእንቁላል የሚረባው የዶሮ ዝርያ ሥጋው ትንሽ ስለሆነ ወንድ ጫጩት ለአርቢው ትርፍ የለውም። ስለዚህ በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል፤ እናቶቹ በመስክ የሚለቀቁ ቢሆኑም እንኳ። ጀርመን ይህንን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ በብዙ አገሮች ግን ዛሬም የተለመደ ነው። ሥጋ ትተው በምትኩ እንቁላልና አይብ ለሚያበዙ ይህ የሚጎመዝዝ እውነት ነው፤ ለእኔም ጎምዝዞኝ ነበር። በሌላ በኩል፣ ጥጃዋን አጥብታ የተረፈውን የምትታለብ የአንድ ቤተሰብ ላም ላይ ይህ ክስ በእኩል ኃይል አይሠራም።

አንበሳስ ሥጋ ይበላ የለ?

ይበላል፤ ምርጫ የለውም። ወንድ አንበሳ መንጋ ሲወርስ የቀደመውን ደቦሎችም ይገድላል። በዚያ አርአያ ያደረገው ማንም የለም።

ዕፅዋትም ሕይወት አላቸው፤ ሰብል ሲታጨድም አይጥና ነፍሳት ያልቃሉ።

ዕፅዋት ሕያው ናቸው፤ ለብርሃን፣ ለመነካት፣ ለተባይ ምላሽ ይሰጣሉ። ነገር ግን ነርቭም አንጎልም የላቸውም፤ ሕመም የሚሰማው «ማን» እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የለም። የአይጦቹ ጉዳይ ግን እውነት ነው፤ ማረሻና ማጨጃ የሚገድሉት ብዙ ነው። ከደም ፈጽሞ የነጻ ሰሃን አለ የሚል ቪጋን ራሱን ያታልላል።

ይሁንና ስሌቱን እስከ መጨረሻው መሥራት ነው። የሚታረደው እንስሳም የሚበላው ዕፅ ነው፤ ከበላውም መልሶ በሥጋና በወተት የሚሰጠው ጥቂቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በ119 አገሮች ከሚገኙ 38,700 ገደማ እርሻዎች መረጃ የሰበሰበ ጥናት እንደሚለው፣ የእንስሳት ምርት ከዓለም የእርሻና የግጦሽ መሬት 83 በመቶውን ይይዛል፤ የሚመልሰው ግን ከምንበላው ካሎሪ 18 በመቶውን፣ ከፕሮቲኑም 37 በመቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለዕፅዋትም ለአይጦችም የሚያዝን ሰው ቢቆጥር የሚሻለው ዕፁን በቀጥታ መብላት ነው። (በድንጋያማና ደረቅ ቦታ የበቀለ ሣር የሚግጥ እንስሳ ከዚህ ስሌት በከፊል ይወጣል። መሬቱ ለሰብል አይሆንማ።)

እሺ፣ ወደ ምግቡ እንምጣ። ፕሮቲን ከየት ይገኛል?

አብዝቶ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከሁሉ የቀለለውም ይህ ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ የሚመከረው በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ ሲሆን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም መሆኑ ነው። ተቀቅሎ የበሰለ 100 ግራም ምስር ወይም ሽምብራ 9 ግራም ያህል ይሰጣል፤ አኩሪ አተር፣ ለውዝና ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) ከዚያም ይበልጣሉ። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በእሱ ባለጸጋ ነው። ሁለቱን የግድ በአንድ ሰሃን ላይ ማገናኘት ያስፈልጋል የሚለው የድሮ ምክር ቀርቷል፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም መገኘታቸው ይበቃል። ዕድሜያቸው የገፋና ከባድ ስፖርት የሚሠሩ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋቸዋል።

ጥራጥሬ የማይወድ ቪጋን ግን ችግር ላይ ነው። ዳቦ፣ የድንች ጥብስና ለስላሳ መጠጥም እኮ ቪጋን ነው!

ቫይታሚን ቢ12 ያን ያህል ያስፈራል?

ከዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ካለ ይህንን ያንብብ።

ቢ12ን ዕፅዋት አይሠሩትም። እንስሳትም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት ባክቴሪያን የመሳሰሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ላም የምታገኘው በጨጓራዋ ውስጥ ከሚኖሩት ነው። እኛ ግን ታጥቦና ተጣርቶ ከሚመጣ አትክልትና ውኃ የምንተማመንበት መጠን አናገኝም። የቀኑ ፍላጎት ከቁጥር የሚገባ አይመስልም፦ በአሜሪካ ምክር 2.4፣ በአውሮፓ 4 ማይክሮግራም። ጉበት ውስጥ ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ይኖራል። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ «ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንሁም» የሚለው ሰው ክምችቱን እየበላ ሊሆን ይችላል። እኔም በመጀመሪያ ጊዜያት ይህንኑ እያልሁ አልፌዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሲጎድል ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የሚዛን መዛባት፣ መርሳትና የደም ማነስ ያመጣል። የነርቩ ጉዳት ከቆየ ላይመለስ ይችላል። በዚያ ላይ ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ የሚያበዛ ሰው ፎሌት የሚባለውን ሌላ የቢ ቫይታሚን ስለማያጣ የደም ማነሱ ይሸፈናል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ለውስጥ ይጎዳል።

መፍትሔው ርካሽና ቀላል ነው። አንጀት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚቀበለው ሁለት ማይክሮግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈው የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የመድኃኒቱ መጠን ግራ የሚያጋባው በዚህ ምክንያት ነው። ወይ ቢ12 የተጨመረባቸውን ምግቦች በቀን ሁለት ሦስቴ ከፋፍሎ መብላት፣ ወይ በየቀኑ ቢያንስ 10 ማይክሮግራም የያዘ እንክብል፣ ወይ በሳምንት አንዴ 2000 ማይክሮግራም መውሰድ ነው። ስፒሩሊና የሚባለው አረንጓዴ ዱቄትና የባሕር አረም ይተካሉ የሚባለውን አይመኑ፤ በውስጣቸው ያለው በአብዛኛው ቢ12ን የሚመስል ግን የማይሠራ ነገር ነው። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን የሚወስዱ፣ እንዲሁም ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ሥጋ በሊታ ቢሆኑም እንኳ ደረጃቸውን ቢያስመረምሩ ጥሩ ነው።

እንክብል የሚያስፈልገው አመጋገብ ተፈጥሯዊ ሊባል ይችላል?

ላይባል ይችላል። ምን ችግር አለው? ጨው ውስጥ አዮዲን የሚጨመረውም ተፈጥሮ ስላልበቃን ነው። በእርባታ ለሚያድጉት አሳማዎችና ዶሮዎች መኖ ውስጥም ቢ12 ይጨመራል። እንክብሉን እንስሳው ይዋጠው ወይስ እኛ የሚለው ብቻ ነው ልዩነቱ።

የደም ማነስ አያመጣብኝም?

የግድ አያመጣም፤ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዕፅዋት ውስጥ ያለው ብረት በሥጋ ውስጥ ካለው ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ያስቸግራል። በአሜሪካ ለወንድ በቀን 8፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት 18 ሚሊግራም ይመከራል፤ ሥጋ ለማይበላ ደግሞ ይህ በ1.8 ይባዛል። ለሴት ከ30 ሚሊግራም በላይ መሆኑ ነው፤ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው አበላሉን ማወቅ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከምስሩ ጋር ሲበላ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባዋል። ሻይና ቡና ግን ይይዙታል፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይመረጣል። ጥራጥሬና እህልን መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማብላላትም ብረቱንና ዚንኩን የሚቆልፈውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። የብረት እንክብል ግን ደም ሳይመረመሩ አይጀምሩ፤ ብረት ሲበዛም ይጎዳል።

አጥንቴስ?

እዚህ ላይ ቪጋኖች ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ ማለፍ ግን ተገቢ አይደለም። በብሪታንያ 55,000 ያህል ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የዳሌ አጥንት ስብራት በቪጋኖች ላይ ሥጋ ከሚበሉት በ2.3 እጥፍ ይበልጣል። የክብደታቸው ማነስ፣ እንዲሁም የካልሲየምና የፕሮቲን እጥረት የተወሰነውን ያስረዳሉ፤ ሁሉንም ግን አያስረዱም።

ስለዚህ በቀን 1000 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ማግኘት እንደ ቢ12 በቁም ነገር የሚያዝ ነው። ምንጩ ይለያያል። ስፒናች በካልሲየም ቢሞላም ሰውነት የሚወስደው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ያስቀረዋል። ጎመን ግን ከወተትም በተሻለ መጠን ይለቅቃል። በካልሲየም የረጋ ቶፉና ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ቀላሉ መንገድ ናቸው፤ ወተቱን ከመቅዳት በፊት መነቅነቅ ነው፣ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣልና። ክብደት ማንሳትና ቫይታሚን ዲም የዚሁ አካል ናቸው።

ሌላ የሚጎድል አለ?

አዮዲን፦ አዮዲን ያለው ጨው ይበቃል፤ የባሕር አረም ግን አንዳንዱ ከመጠን በላይ ስለሚይዝ ታይሮይድ ይጎዳል። ኦሜጋ-3 የሚባለው ቅባት፦ በተልባ፣ በቺያና በዋልነት ውስጥ ያለውን አጭሩን ዓይነት ሰውነት በዓሣ ውስጥ ወዳለው ረዥሙ ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ነው፤ ዓሣ ራሱ የሚያገኘው ከአልጌ ስለሆነ የአልጌ ዘይት በእንክብል መውሰድ ይቻላል። ቫይታሚን ዲ፦ ፀሐይ ለማያገኝ ሁሉ ያሳስባል። ዲ3 ብዙውን ጊዜ ከበግ ሱፍ ቅባት ይሠራል፤ በድንጋይና በዛፍ ላይ ከሚበቅለው ሊከን የሚሠራም አለ።

አኩሪ አተር የወንድን ሆርሞን ያዛባል ይባላል።

አያዛባም። ውስጡ ኤስትሮጅንን በቅርጽ የሚመስል ንጥረ ነገር አለ፤ በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ግን የወንዶችን ቴስቶስትሮን አልቀነሰም። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብቻ ከመድኃኒቱ ሰዓት ያርቀው።

ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃናትስ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አንድ ቃል የላቸውም። የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 በደንብ የታቀደ ቪጋን አመጋገብ ለሁሉም የዕድሜ ክልል ይሆናል ብሎ ነበር፤ በ2025 ያወጣው አቋም ግን ስለ ጎልማሶች ብቻ ይናገራል። የጀርመን የሥነ ምግብ ማኅበር በ2016 ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡና ለልጆች አልመክርም ብሎ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ወደ «አልመክርም፣ አልቃወምምም» ተሸጋግሯል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ የራስ አካል ላይ መሞከርና የሕፃን አካል ላይ መሞከር አንድ አይደለም። ቢ12 የጎደላት እናት የምታጠባው ሕፃን በወራት ውስጥ የአንጎል ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ የእናት ጡት ወይም ለሕፃን ተብሎ የተዘጋጀ ፎርሙላ እንጂ ሌላ ወተት የለም፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የሕፃን ፎርሙላ አለ። ከለውዝ፣ ከሩዝ ወይም ከአጃ በቤት የሚዘጋጅ መጠጥ በጡት ወይም በፎርሙላ ምትክ ሲሰጥ ሕፃንን ሊገድል ይችላል፤ የሞቱም አሉ። የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ሳይከታተለው የሚጀመር ነገር አይደለም።

ከሁሉ አመጋገብ ጤናማው ይህ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም፤ የማይረባ ነው ማለትም አይቻልም። በሰሜን አሜሪካ በአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት ቪጋኖቹ ክብደታቸው ዝቅ ያለ፣ የስኳር ሕመማቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ አጥንት የጠቀስሁት የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውጤት ሥጋና ዓሣ የማይበሉት በልብ ደም ሥር መጥበብ በ22 በመቶ ያነሰ፣ በስትሮክ ግን በ20 በመቶ የበለጠ ሕመም ታይቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ አምጪ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቧል። ከዚህ የሚወጣው ቋሊማ ይቀነስ፣ ጥራጥሬና አትክልት ይጨመር የሚል ምክር ነው። እርጎ መርዝ ነው የሚል አይወጣም። ለጤና ብቻ ከሆነ ግማሽ መንገድ መሄድም ይበቃል፤ መንገዱን ሙሉ የሚያስኬደው የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ነው።

መድኃኒቴ ውስጥ ጀላቲን ወይም የወተት ስኳር አለ። ልተወው?

አይተዉት። ቃሉን የፈጠሩት እነ ዋትሰን ያቋቋሙት ማኅበር ራሱ ትርጉሙን የሚያስቀምጠው «በተቻለና በሚተገበር መጠን» ብሎ ነው። ሐኪሙን ሌላ አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ፤ ከሌለ ይዋጡት።

ታዲያ ሁሉም ሰው ቪጋን መሆን አለበት?

ሰብል በማይበቅልበት ምድር በከብቶቹ የሚኖር አርብቶ አደር ላይ ይህንን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አፍሮ ቢመለስ ይሻላል። እንክብልና የተለያየ ምግብ የመግዛት አቅም የሌለው፣ ወይም ምግብን መከልከል ሕመም ሆኖበት የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ። ጥያቄው በቀጥታ የሚመለከተው ገበያው ሙሉ የሆነለትን፣ መምረጥ የሚችለውን ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ሌሊት ሁሉን መተው የለበትም፤ ቁጥርን ካሰብን በመጀመሪያ ሊተዉ የሚገባቸው ዶሮና እንቁላል ናቸው፤ ከአንድ በሬ የሚገኘውን ያህል ሥጋ ለማግኘት ከመቶ በላይ ዶሮዎች ይታረዳሉና።

ማርስ?

ማር ላይ ቪጋኖች ራሳቸው ይከራከራሉ። ንብ ሕመም ይሰማት እንደሆነ ሳይንሱ ገና እያጠናው ነው፤ ማሩ ግን ለቀፎው ስንቅ ብላ ያከማቸችው እንጂ ለእኛ አይደለም። እኔ አልበላም። የሚበላውን ግን ከማዕዴ አላስነሳም።